የበረሃ አገር ባህል በአደባባይ ፌስቲቫል እንዴት ይቀርባል? የኤምሬትስን ድንኳን ከቡናው እስከ ከበሮው ማዘጋጀት

በዋሽንግተን ናሽናል ሞል ሜዳ ላይ ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚካሄደው የስሚዝሶኒያን የሕዝብ ባህል ፌስቲቫል በ2022 የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስን በእንግድነት ጋብዞ ነበር። የዝግጅቱ ርዕስ «ሕያው መልክዓ ምድር፣ ሕያው ትዝታ» የሚል ነበር። እንዲህ ባለው ፌስቲቫል ጎብኚው ከባለሙያው አጠገብ ቁጭ ብሎ ይጠይቃል፣ ይቀምሳል፣ በእጁም ይሞክራል። ስለዚህ ድንኳኑም፣ ጥላውም፣ አስተርጓሚውም የሚሰናዱት ለዚህ ጨዋታ እንዲመቹ ሆነው ነው። ከዚህ በታች ያለው ለአንድ የኤምሬትስ ድንኳን የሚሆን አሠራር ነው፤ ልኮቹን እያስተካከላችሁ ለሌላ የበረሃ አገር ዝግጅትም ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

1. ጥቂት ሙያ ምረጡ

በረሃ ሲባል ብዙ አዘጋጅ ቶሎ የሚታየው ግመልና አሸዋ ነው። ኤምሬትስ ግን በአል ዓይን ከተማ ፈለጅ በሚባል የመስኖ ቦይ የሚጠጣ የተምር እርሻ፣ በምሥራቅ የሐጀር ተራሮች፣ በጠረፍ ደግሞ የዕንቁ ጠላቂዎችና የጀልባ ሠሪዎች ልማድ ያላት አገር ናት። ሁሉንም በአንድ ድንኳን ልጨናንቅ ያለ አንዱንም በቅጡ አያሳይም። አራት ሙያ ይበቃል፦ ቡና፣ ሳዱ የሚባለው የሱፍ ሽመና፣ የዘንባባ ቅጠል ጉንጉንና አያላ የሚባለው ጭፈራ።

ባለሙያ ስትመርጡ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ እጇ እየሠራ ከማያውቁት ሰው ጋር መጫወት ትችላለች? መድረክ የለመደ ተዋናይ ይህን ብዙ ጊዜ አይችለውም፤ ከእናቷ የተማረች ሸማኔ ግን ቀኑን ሙሉ ትችለዋለች። ግብዣው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ይድረስ፤ ፓስፖርት፣ ቪዛና የሕክምና ወረቀት ወራት ይወስዳሉ።

ለጉምሩክም ቀድማችሁ አስቡ። ያልታጠበ ሱፍና ደረቅ የዘንባባ ቅጠል የእርሻ ቁጥጥር ያስቆማቸዋል፤ ሱፉ ታጥቦና ተፈትሎ ይምጣ፣ ቅጠሉን ከተቻለ እዚያው አገር ግዙ። ጭልፊት ለማሳየት የምትፈልጉ ከሆነ ወፏን ከኤምሬትስ ማምጣት በዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ንግድ ፈቃድና በለይቶ ማቆያ ሥርዓት ውስጥ ያልፋል። የሚሻለው ፈቃድ ካለው የአካባቢው ጭልፊት አሠልጣኝ ጋር ተስማምቶ፣ ከኤምሬትስ የዓይን መሸፈኛውንና የመቆሚያውን እንጨት ብቻ ይዞ የሚመጣ ባለሙያ መጋበዝ ነው። ወፏን ከከበሮው አርቁ፣ ከቀትር ፀሐይም ሰውሩ።

2. ድንኳኑን መትከል

ከፍየል ጠጉር የተሠራው የዘላኖች ድንኳን ውብ ነው፤ ግን ከባድ ነው፣ በሕዝብ ሜዳ ላይም የእሳት መከላከያ ማረጋገጫ ይጠየቅበታል። እሳት የማይዘው ተራ ድንኳን ተከራዩና የሳዱ ጨርቁን በውስጥ በኩል ስቀሉ። የዘንባባ ዳስ የምትሠሩ ከሆነም ደረቅ ቅጠል በአንድ ፍንጣሪ ስለሚነድ መከላከያ መድኃኒት ሳይረጭ አይቁም።

ካስማ ከመምታታችሁ በፊት ሜዳውን የሚያስተዳድረውን ክፍል ጠይቁ። ከሣሩ ሥር የውሃ ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር ሊኖር ይችላል። ካስማ ከተከለከለ ገመዶቹን በአሸዋ ከረጢት ወይም በውሃ በርሜል አስሩ፤ የክብደቱን ልክ ድንኳን አከራዩ በጽሑፍ ይስጣችሁ። ክፍቱን ጎን ወደ ምዕራብ አታዙሩ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በቀጥታ ባለሙያዋ ዓይን ላይ ታርፋለች፣ ጎብኚውም ጥላ ፍለጋ ወደ ሌላ ድንኳን ይሄዳል።

3. ቡናው

የዓረብ ቡና በ2015 (እ.ኤ.አ.) በኤምሬትስ፣ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በኦማንና በቀጠር ስም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። አፈላሉ ከእኛ ይለያል፤ በዚህ ድንኳን የሚረዱ ኢትዮጵያውያን በጎ ፈቃደኞች የለመደ እጃቸው እንዳይመራቸው ቀድመው ቢለማመዱት ጥሩ ነው።

ፍሬው በብረት ምጣድ ላይ ወርቃማ ቡኒ እስኪሆን ብቻ ይቆላል። ጠቁሮ ዘይት ካወጣ የሄሉን ሽታ ይውጠዋል። ከቀዘቀዘ በኋላ በመዳብ ሙቀጫ ሸካራ ተደርጎ ይወቀጣል፤ ከላመ አይጠልልም፣ ሲኒው ውስጥ ደለል ይሆናል።

ለ1 ሊትር ውሃ 30 ግራም ቡና በቂ ነው። ውሃው ሲፈላ ቡናውን ጨምሩና እሳቱን ቀንሱ፤ በዝግታ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይንተክተክ። እሳቱ ከበዛ አረፋው ይገነፍላል፣ ጣዕሙም ይመራል። አውርዳችሁ 5 ደቂቃ አስቀምጡት። በሌላ ደላህ (ምንቃር ያለው የቡና ማንቆርቆሪያ) ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈረከሰ ሄልና አሥር ያህል የሳፍሮን (ከአበባ የሚለቀም ቅመም) ክሮች አድርጉና ከላይ የጠለለውን ብቻ ገልብጡበት። ሄሉ ከመጀመሪያው ከቡናው ጋር ከፈላ ሽታው በእንፋሎት ይወጣል፤ የሚጨመረው በመጨረሻ የሆነው ለዚህ ነው። ኮረሪማ የሄልን ቦታ አይተካም፣ እርድም የሳፍሮንን። ስኳር አይገባም፤ ጣፋጩ አብሮ የሚቀርበው ተምር ነው። ድሮ ዝቃጩ እንዳይወርድ በደላህው ምንቃር ውስጥ ጥቂት የዘንባባ ቃጫ ይወተፍ ነበር፤ ዛሬም ያንኑ ማድረግ ይቻላል።

ደላህው በግራ እጅ፣ ሲኒው በቀኝ እጅ ይያዛል። ቀጂው ቆሞ ነው የሚቀዳው፤ መጀመሪያ ለትልቁ ወይም ለተከበረው እንግዳ፣ ከዚያ በስተቀኝ በኩል ይቀጥላል። የሚቀዳው ሩብ ሲኒ ነው። እኛ ዘንድ እስከ አፍ ገደፉ መሙላት ለጋስነት ነው፤ እዚያ ግን ሙሉ ሲኒ «ጠጣና ሂድ» ማለት ይመስላል። እንግዳው በቃኝ ሲል ሲኒውን ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርጎ ይመልሳል። ይህን ምልክት ለጎብኚው መጀመሪያ ሲቀዳለት ንገሩት፤ የማያውቅ ሰው ባዶ ሲኒ ዘርግቶ በመለሰ ቁጥር ይቀዳለታል፣ አፍሮም ይጠጣል። ከአንድ ማነስ፣ ከሦስት መብለጥ አልተለመደም።

አንድ ሊትር ከጠለለ በኋላ ወደ 800 ሚሊ ሊትር ይቀራል። በአንድ ጊዜ 20 ሚሊ ሊትር ይቀዳል ብላችሁ ብታስቡ 40 ጊዜ ለመቅዳት ይበቃል። በሰዓት 60 እንግዳ ሁለት ሁለት ጊዜ የሚጠጣ ከሆነ 3 ሊትር ይፈጃል፤ 4 ሊትር አዘጋጁ። ፍሙ ከድንኳኑ ውጭ ይሁን፣ የተፈላው በትልቅ ፔርሙስ ይቀመጥ፤ በባሕረ ሰላጤው ቤቶችም ዛሬ እንዲያው ነው የሚደረገው። አንድ ሲኒ ለብዙ ሰው ማዞር በቤት ልማድ ቢሆንም የከተማው ጤና ቢሮ በአደባባይ አይፈቅድም። ቢያንስ 60 ሲኒና የሙቅ ውሃ ማጠቢያ አዘጋጁ፤ ይህ ካልተቻለ ትንንሽ የወረቀት ኩባያ ተጠቀሙ።

4. ሳዱ

ሳዱ በ2011 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ አስቸኳይ ጥበቃ ከሚሹ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል፤ የቀሩት ባለሙያዎች አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ወንበር ሳይሆን ወፍራም ምንጣፍና የጀርባ ትራስ፣ ቅርብ መጸዳጃ ቤት፣ በየ40 ደቂቃውም ዕረፍት ያስፈልጋቸዋል።

መሸመኛው መሬት ላይ ተዘርግቶ በአራት ካስማ የሚወጠር ነው። ካስማ በማይመታበት ሜዳ 3 ሜትር የሚረዝም የእንጨት ፍሬም አሠሩና ድሩ በእሱ ላይ ይወጠር። ፍሬሙ ቀጭን ከሆነ በውጥረቱ ይጎብጣል፣ የጨርቁም ጠርዝ ይጣመማል፤ ከ10 በ5 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ጠንካራ እንጨት ይሁን። የዋሽንግተን የሰኔ አየር እርጥበት ስላለው ሱፉ ይለሰልሳል፣ ድሩም ይላላል። ጠዋት ጠዋት እንደገና እንዲወጠር ከፍሬሙ ጫፍ ጉጥ ተውለት።

በሳዱ ጨርቁን የሚሸፍነው ድሩ ነው፤ ማጉ ከውስጥ ተሰውሮ ይቀራል። ሥዕል በሚወጣበት መካከለኛው ጥለት ሁለት የተለያየ ቀለም ያላቸው ክሮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሸማኔዋ ለእያንዳንዱ መስመር የትኛው ወደ ላይ እንደሚወጣ በጣቷ ትለቅማለች፣ ያልተፈለገው ከኋላ ተንጠልጥሎ ያልፋል። ከዚያ ማጉን አሳልፋ በሚዳቋ ቀንድ ጫፍ ትመታዋለች። ለጎብኚው አንድ ያለቀ ቁራጭ ስጡትና ገልብጦ ይየው፤ ከፊቱ ያለው ሥዕል ከጀርባው የክር ዝርግ ሆኖ ሲያይ የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል።

ሕፃናት በድሩ ላይ ይሻገራሉ፣ ይህ የማይቀር ነው። ገመድ ወጥራችሁ ሕዝቡን አታርቁ፤ ዙሪያውን ዝቅ ያለ ትራስ ደርድሩ፣ ሰው ቁጭ ካለ አይሻገርም። አጠገቡም ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 40 ያህል ድር ያለው ትንሽ መሞከሪያ ይኑር።

የዘንባባ ጉንጉኑ ብዙ ዝግጅት አይፈልግም። ቅጠሉ በዋዜማው ውሃ ውስጥ ይዘፍዘፍ፤ ደረቁ ሲታጠፍ ይሰበራል። ሰሌን ሲሠራ ያየ ሰው እጁን ቶሎ ይፈታል።

5. አያላ

በአያላ ሁለት ረድፍ ወንዶች፣ እያንዳንዱ ወደ 20 ሰው፣ ቀጭን የቀርከሃ በትር ይዘው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ከበሮውና ጸናጽሉ በመካከል ነው። ለአንድ ሰው 60 ሳንቲ ሜትር ብትሰጡ ረድፉ 12 ሜትር ይሆናል። በረድፎቹ መካከል 6 ሜትር፣ በዙሪያው ደግሞ ለበትሩ 3 ሜትር ስትጨምሩ 18 በ12 ሜትር ያህል ሜዳ ትፈልጋላችሁ። ቦታ ካነሰ ረድፉን ወደ 8 ሰው ቀንሱ እንጂ ሰዎቹን አታጠጋጉ። ከፍ ያለ መድረክ አያስፈልግም፤ ጭፈራው ከጎን ሆኖ የሚታይ ነው።

6. አስተርጓሚና የቀን መርሐ ግብር

ዝግጅትን ከሁሉ የሚያበላሸው ለጎብኚው ራሱ የሚመልስ አስተርጓሚ ነው። «ይህን ለመሥራት ስንት ቀን ይፈጃል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱን ስለሚያውቅ ቶሎ ይናገራል፣ ሸማኔዋም ዝም ብላ የምትታይ ዕቃ ትሆናለች። መቶ ጊዜ የተጠየቀ ጥያቄ ቢሆንም ወደ እሷ ይመለስ። ለአንድ ባለሙያ ሁለት አስተርጓሚ መድቡ፣ በየ30 ደቂቃው ይቀያየሩ። በኤምሬትስ ቤቶች ለዓመታት የሠሩ ኢትዮጵያውያን ለዚህ ሥራ እጅግ ጠቃሚ ናቸው፤ የሚያውቁት ዓረብኛ የጋዜጣው ሳይሆን እነዚህ እናቶች የሚናገሩት የቤት ቋንቋ ነው።

በሰኔ መጨረሻ የዝሁር ሰላት (የሙስሊሞች የቀትር ጸሎት) ዋሽንግተን ላይ ከቀኑ 7 ሰዓት ካለፈ ጥቂት ቆይቶ ይገባል፤ በዚያ ሰዓት ምንም መርሐ ግብር አታስገቡ፣ ጥላ ያለው መስገጃና የውዱእ (ከሰላት በፊት የሚታጠቡበት) ውሃ ይዘጋጅ። ሴቶቹን ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ መሆኑን በድንኳኑ መግቢያ ጻፉ፤ የማይፈልጉትንም ቀድማችሁ እወቁ።

ክፍያው የሠሩበትን ቀን ብቻ ሳይሆን የጉዞውንና የዕረፍቱን ቀን ይጨምር። የተቀረጸው ድምፅና ፎቶ ቅጂ ከመመለሻ በረራው በፊት ለእያንዳንዱ ባለሙያ ይሰጥ፤ ከሄዱ በኋላ እንልካለን የተባለ ብዙ ጊዜ አይደርስም።