ፍሬን ተሠርቶ ቀዩ መብራት አልጠፋ ሲል

አዲስ የፍሬን ሸራ ገብቷል፣ ሒሳብ ተከፍሏል፣ መኪናዎን ይዘው ከጋራዥ ወጥተዋል። ሰፈር ሳይደርሱ ዳሽቦርዱ ላይ ያ መሐሉ ቃለ አጋኖ ያለበት ቀይ ክብ ቦግ ይላል። ብዙ ሰው «አሁን ተሠርቷል እኮ» ብሎ ዝም ብሎ ይነዳል። እንዲህ አያድርጉ።

ሌላ ነገር ከመነካካትዎ በፊት ፔዳሉን ይሞክሩት። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ተነስቶ ፍሬኑን ይርገጡ። ከላይ ጠንከር ብሎ ከያዘ ቀሪውን ረጋ ብለው ማየት ይችላሉ። እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ ወይም እግርዎን ይዞ ቀስ እያለ ከሰመጠ ግን ጉዞው እዚያው ያብቃ። በእጅ ፍሬን እየተንፏቀቁ ጋራዥ ለመድረስ አይሞክሩ፤ ወይ መካኒኩ ይምጣ፣ ወይ መኪናው ይጫን። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርዱ ፔዳሉ ወለል ቢነካ ምን እንደሚመጣ መገመት አያቅትም።

አንድ ነገር ግን እንዳያስደነግጥዎ። አዲስ የዲስክ ሸራ ሲገባ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚገፋው ፒስቶን ወደ ኋላ ይገፋል። ስለዚህ ከሥራው በኋላ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት እርግጫዎች ባዶ ይሆናሉ። ጥሩ መካኒክ ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት ፔዳሉን ደጋግሞ ረግጦ ያጠነክረዋል። እርስዎም ከመንቀሳቀስዎ በፊት ረግጠው ያረጋግጡ።

ፔዳሉ ደህና ከሆነ ወደ እጅ ፍሬኑ ይሂዱ። ቪትዝና ኮሮላን ጨምሮ ብዙ መኪና ላይ ያ አንድ መብራት የእጅ ፍሬንም፣ የፍሬን ዘይት ማነስም ማስጠንቀቂያ ነው። ማንሻው ሥር ትንሽ ማብሪያ አለች። የኋላው ሸራ ተቀይሮ ገመዱ ከመጠን በላይ ከተወጠረ ማንሻው እስከ ታች አይወርድም፣ ማብሪያዋም አትለቅም። ቁልፉን ከፍተው ማንሻውን በእጅዎ ወደ ታች ጫን ያድርጉት። መብራቱ ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኘ። የእኔ ቪትዝ እንዲህ ሆኖ ዘይት ጎድሎ መስሎኝ ሦስት ቀን ሙሉ ኮፈን ስከፍት ከረምኩ። በመጨረሻ አንድ ልጅ እግር መካኒክ ሽፋኑን አንስቶ፣ የተጣመመችውን ማብሪያ በጣቱ ቀና አድርጎ ሳቀብኝ። ገመዱ በጣም ከተወጠረ ግን ነገሩ መብራት ብቻ አይደለም። ሸራው ጎማውን ይዞ ይሄዳል፣ ጥቂት ነድተው ሲወርዱ የኋላ ጎማው አካባቢ ይግላል፣ ይሸታል።

አሁን ዘይቱ። መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሹፌሩ በኩል፣ ከሞተሩ ኋላ ይገኛል። «ማክስ» እና «ሚን» የሚሉ መስመሮች አሉበት። ሸራ እያለቀ ሲሄድ ፒስቶኑ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ዘይቱ ተከትሎት ይወርዳል። አዲስ ሸራ ሲገባ ተገፍቶ ይመለሳል። ስለዚህ ገና አሁን ሸራ የቀየረ መኪና ዘይቱ ወደ ላይኛው መስመር ጠጋ ማለት አለበት። አዲስ ሸራ ይዞ ዘይቱ ታች ከሆነ ወይ መካኒኮቹ ከፍሬኑ ቱቦ አየር ሲያስወጡ አብሮ የወጣውን ዘይት አልተኩትም፣ ወይ እየፈሰሰ ነው። የፍሬን ዘይት እንደ ሞተር ዘይት ተቃጥሎ አያልቅም። ከመጨመርዎ በፊት የተነኩትን ጎማዎች ከውስጥ በኩል ይዩ። አየር ማስወጫዋ ብሎን ወይም ቱቦው የታሰረበት ቦታ እርጥብ ከሆነ አይንዱት።

የሚጨምሩት ዘይት ዓይነት ክዳኑ ላይ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ነው። ሲሊኮን የሆነውን ዶት 5 ከእነሱ ጋር አይቀላቅሉ። የሞተር ዘይትማ በፍጹም፤ ፍሬኑ ውስጥ ያሉትን የላስቲክ ማሸጊያዎች አሳብጦ ሙሉውን ሥርዓት ያበላሻል። ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስም ይቅርብዎ፣ ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ዝቅተኛ ልክ 140 ነው። የአባይን በረሃ ፍሬን እየረገጠ ለሚወርድ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ቀለም ላይ ከፈሰሰብዎ ወዲያው በውሃ ይጠቡት።

ዘይቱ ሙሉ ሆኖ መብራቱ ካልጠፋ በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው፣ የዘይቱን ከፍታ የሚጠቁመው ተንሳፋፊ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ፕላስቲኩን በጣትዎ ቀስ አድርገው ቆርቆር ያድርጉት። ማጠራቀሚያው ላይ የተሰካውን የሽቦ ሶኬት ሲነቅሉት መብራቱ ከጠፋ፣ በብዙ መኪኖች ላይ ችግሩ እዚያው ነው። አይተው ሲጨርሱ መልሰው ይሰኩት፤ ነቅሎ መተው መፍትሔ አይደለም።

ከቀዩ ጋር ቢጫው የኤቢኤስ (ፍሬን ሲረገጥ ጎማ እንዳይቆልፍ የሚከላከለው ሥርዓት) መብራትም ከበራ፣ ጎማው ሲወልቅ የጎማውን ፍጥነት የሚያነበው ሴንሰር ሽቦ ተጎትቶ ወይም ሳይሰካ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ አብረው ሲበሩ በድንገት ሲረግጡ የኋላ ጎማ ሊቆልፍ ስለሚችል በኮምፒውተር ያስነብቡት። የእጅ ፍሬኑ በማንሻ ሳይሆን በመጫኛ የሚሠራ ኤሌክትሪክ ከሆነም፣ የኋላ ሸራ ሲቀየር ፍሬኑ በኮምፒውተር ተከፍቶ፣ በኮምፒውተር መዘጋት ሊያስፈልገው ይችላል።

ምክንያቱን ካገኙም በኋላ ማታ የዘይቱን ከፍታ ማጠራቀሚያው ላይ በማርከር ያስምሩበት። ጠዋት ከመስመሩ ዝቅ ብሎ ካገኙት ቁልፉን ኪስዎ ይክተቱና መካኒኩ ጋር ይደውሉ።