የጭነት ዕቃ ስትረከቡ ልትጠነቀቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሜሪላንድ ውስጥ እኔና ባለቤቴ ትንሽ ምግብ ቤት ስንከፍት፣ መጀመሪያ የመጣልን ትልቅ ዕቃ ባለሁለት በር ፍሪዘር ነበር። ትራኩ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። ከኋላ መኪኖች ጡሩምባ ይነፋሉ። ሾፌሩ የመረከቢያ ወረቀቱን ዘረጋልኝ፤ ካርቶኑ ከፊት ደህና ይመስላል። ፈረምኩ።

ማታ ፕላስቲኩን ስንገፈው፣ ከኋላ በታች በኩል የፎርክሊፍት ብረት የወጋው ቀዳዳ አገኘን። ልክ ኮምፕሬሰሩ ያለበት ቦታ ላይ ነው። የመዳብ ቱቦው ተጣሟል። በማግስቱ ለጭነት ድርጅቱ ስደውል የተሰጠኝ መልስ አጭር ነበር፤ «ዕቃውን በደህና ተረክቤያለሁ ብለው ፈርመዋል።» ካሳ አላገኘንም። ከዚያ ወዲህ ምግብ ቤት ወይም ካፌ የሚከፍት ወዳጅ ካለኝ፣ ዕቃ የሚረከብበት ቀን አብሬው እቆማለሁ። ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ዞሮ ሳያዩ መፈረም

ፊርማችሁ ዕቃው መድረሱን ብቻ አይደለም የሚናገረው። ምንም ካልጻፋችሁበት «ያለ ጉዳት ደርሶኛል» ማለት ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ቢቸኩልም አራቱንም ጎን ዙሩ፣ ከላይም ከሥርም እዩ። ከሁሉም በላይ የታችኛውን ክፍል፤ ፎርክሊፍት የሚመታው እዚያ ነው። ከጎኑ የተለጠፈች የማዘንበል ምልክት ካለች ቀልታ እንደሆነ ተመልከቱ። ከቀላች ዕቃው መንገድ ላይ አጋድሏል ማለት ነው። ፍሪጅ ወይም ፍሪዘር ከሆነ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ሊፈስ ስለሚችል፣ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙትና 24 ሰዓት ያህል ሳትሰኩት ቆዩ። ምልክቷ መቅላቷንም ወረቀቱ ላይ አስፍሩ።

«ገና እንመረምረዋለን» ብሎ መጻፍ

ይሄ ብዙዎችን ያታልላል። ጥንቃቄ ያደረግን ይመስለናል፤ ለካሳ ግን አይጠቅምም፣ ምክንያቱም ምን እንደተበላሸ አይናገርም። «ካርቶኑ ተጎድቷል» የሚለውም ደካማ ነው። የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ነው (ፓሌት ማለት ዕቃው የሚጫንበት የእንጨት ርብራብ ነው)፦ «ከ3ቱ ፓሌቶች 2ኛው፣ በግራ ጎን ከታች 4 ኢንች የሚሆን ቀዳዳ፣ የማሽኑ ብረት ወደ ውስጥ ገብቷል።» በእንግሊዝኛ ጻፉት። ሰዋስዉ ባያምር ግድ የለም፣ ቦታውና መጠኑ ይግባበት። ሾፌሩም ይፈርምበት፤ እሱ ሳይሄድ ወረቀቱን በስልካችሁ አንሱት። በስልክ ወይም በታብሌት የሚያስፈርም ከሆነ፣ ጉዳቱን እዚያው እንዲጽፍ ጠይቁትና ስክሪኑን ፎቶ አንሱ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ፣ ሾፌሩ «እኔ አይቻለሁ፣ እነግራቸዋለሁ» ቢላችሁ ደግ ሰው ነው፣ ግን አይበቃም።

ፎቶውን ዕቃው ከትራኩ ሳይወርድ ጀምሩ። በኋላ «ስታወርዱት ነው የሰበራችሁት» ለሚል መልሱ እሱ ነው። መጀመሪያ ከራቅ ብላችሁ ሙሉውን፣ ከዚያ ጉዳቱን ቀረብ ብላችሁ፣ መጨረሻ ላይ የአድራሻ ወረቀቱንና ሲሪያል ቁጥሩን።

ፓሌት ቆጥሮ ካርቶን አለመቁጠር

የኤስፕሬሶ ማሽን ሲመጣ የቡና መያዣ እጀታዎቹና የውሃ ማጣሪያው ለብቻቸው በትንሽ ካርቶን ሊመጡ ይችላሉ። ፓሌቱ ደርሷል ብላችሁ ከፈረማችሁ በኋላ ያቺ ካርቶን የለችም ብትሉ ማን ያምናችኋል? በወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ከዓይናችሁ ጋር አመሳክሩ።

ማሸጊያውን ቶሎ መጣል

ኩሽናችን ጠባብ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የጭነት ድርጅቱ መርማሪ ልኮ ማየት ይችላል፤ የሚያየውም ዕቃውን ብቻ አይደለም፣ ካርቶኑንና ፓሌቱንም ነው። ጉዳዩ እስኪያልቅ ማሸጊያው እዚያው ይቆይ። ማሽኑንም ወደ ሌላ ቤት አታዛውሩት።

የተደበቀ ጉዳት ላይ መዘግየት

ካርቶኑ ደህና ሆኖ ውስጡ የተሰበረ ዕቃ አለ። አሜሪካ ውስጥ ብዙዎቹ የጭነት ድርጅቶች የሚከተሉት ደንብ ይህን ለማሳወቅ የሚሰጠው ከተረከባችሁ በኋላ 5 የሥራ ቀን ብቻ ነው። እስከ 2015 (እ.ኤ.አ.) ድረስ 15 ቀን ነበር፤ አሁንም 15 የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ቀኑ ካለፈ በር ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ግን ጉዳቱ መንገድ ላይ እንደደረሰ የማስረዳት ሸክም እናንተ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ምግብ ቤቱ የሚከፈተው ከወር በኋላ ቢሆንም ዕቃውን በመጣበት ቀን ፍቱት። ማስታወቂያው በጽሑፍ ይሁን፤ ኢሜይል ይበቃል።

ዋናው የካሳ ጥያቄ ሌላ ነው። በፌዴራል ሕጉ የጭነት ድርጅቱ ለዚህ ከ9 ወር ያነሰ ጊዜ ሊሰጣችሁ አይችልም። ጥያቄውን ካቀረባችሁ በ30 ቀን ውስጥ መድረሱን ማሳወቅ፣ በ120 ቀን ውስጥ ደግሞ መክፈል፣ መከልከል ወይም የመስማሚያ ሐሳብ ማቅረብ አለበት። ከዚያ በላይ ከዘገየም በየ60 ቀኑ ጉዳዩ የት እንደደረሰ ሊነግራችሁ ይገባል። ቀኖቹን ጽፋችሁ ያዙ።

ተናድዶ መመለስ

አንድ ጎኑ የተጨረመተ ኦቨን ስታዩ «ውሰድልኝ!» ማለት ያምራል። ግን የተመለሰ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ሲቆይ የማስቀመጫ ክፍያ ይቆጥራል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ሾፌሩ ሳይሄድ ለሻጩ ደውሉና ምን እንድታደርጉ እንደሚፈልግ ጠይቁ። ጨርሶ ለምንም የማይሆን ካልሆነ፣ ጉዳቱን ጽፎ መረከቡ ብዙውን ጊዜ ይሻላል።

ያገለገለ ዕቃን እንደ አዲስ ማሰብ

ብዙዎቻችን የምንጀምረው በሰከንድ ሃንድ ነው። ለእሱ የሚከፈለው ካሳ ግን በክብደት የሚሰላበት ጊዜ አለ፤ በፓውንድ 10 ሳንቲም የሚሉ አሉ። 600 ፓውንድ የሚመዝን ኦቨን ተሰብሮ 60 ዶላር ማለት ነው። ከመጫኑ በፊት ጠይቁ፣ ካስፈለገም ኢንሹራንስ ግቡ።

ወደ አገር ቤት የምትልኩ

በኮንቴይነር ማሽን ወደ ኢትዮጵያ የምትልኩ ወገኖች፣ የባሕር ጭነት ሕጉ ሌላ ነው። ከአሜሪካ ወደብ ለሚነሳ ጭነት በውጭ የማይታይ ጉዳት ዕቃው ከተረከበ በ3 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መነገር አለበት፤ ክስ ለመመሥረት ያለው ጊዜ 1 ዓመት ነው። የዕቃውን ዋጋ አስቀድማችሁ በጭነት ሰነዱ ላይ ካላስመዘገባችሁ፣ የመርከብ ድርጅቱ ኃላፊነት ለአንድ ጥቅል እስከ 500 ዶላር ብቻ ነው። የአሜሪካ ማሽን የሚሠራው በ60 ኸርዝ፣ የእኛ አገር መብራት ደግሞ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት ቮልቱና ኸርዙ የተጻፈበትን የማሽኑን የመረጃ ሳህን ፎቶ አንስታችሁ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ አሳዩ።

ሲጫን የኮንቴይነሩን ውስጥ ፎቶ አንሱ፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ በሩ የታሸገበትን የማኅተም ቁጥር። ሞጆ ደረቅ ወደብ ለሚረከብላችሁ ዘመድ ቀድማችሁ ላኩለት። ማኅተሙ ከመቆረጡ በፊት ቁጥሩን ያመሳክር፤ ካልገጠመ ሳይከፈት እዚያው ያስመዝግብ።