የስልክ ስክሪን ከመወልወላችን በፊት አቧራውን እናራግፍ

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ በታክሲም ሆነ በእግር ስንጓዝ የሚያገኘን የግንባታና የመንገድ አቧራ ስልካችን ላይም ያርፋል። አብዛኞቻችን ወዲያው በእጅጌያችን ወይም በሶፍት ጫን አድርገን እንጠርገዋለን፤ ነገር ግን በአቧራው ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ መስታወትን የመጫር አቅም ስላለው፣ ስክሪኑን ወደ ብርሃን አዘንብለን ስናየው የምናገኛቸው ፀጉር የመሰሉ ጭረቶች ብዙ ጊዜ የዚህ አጠራረግ ውጤት ናቸው።

ስለዚህ ስልኩን አጥፍተን፣ ከቻርጀር ነቅለንና ከቨሩን አውልቀን በመጀመሪያ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ሳንጫን እናራግፍ፤ በተለይ በከቨሩ ጠርዝ ሥር የምትጋገረው ቡናማ መስመር አትረሳ። ከዚያም ከመነጽር ጋር የሚሰጠውን ዓይነት ማይክሮፋይበር ጨርቅ በጥቂት ውኃ አርጥበን እንጥረገው። ውኃው ጨርቁን ያርጥብ እንጂ በቀጥታ ስክሪኑ ላይ አይረጭ፤ በድምፅ ማውጫውና በቻርጀር ቀዳዳው በኩል ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላልና።

በረኪናና የመስታወት ማጽጃ ፈሳሽ ፈጽሞ ባይነካው እመክራለሁ፤ የጣት ቅባት እንዳይጣበቅ መስታወቱ ላይ የተቀባውን ስስ ሽፋን ይጎዱታል። ጀርም ማስወገድ ካስፈለገ፣ ለምሳሌ አፕል ለአይፎን 70 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ያለበትን መጥረጊያ በስሱ መጠቀምን ይፈቅዳል። የቴሌቪዥንና የአንዳንድ ላፕቶፖች ስክሪን ግን ከስልክ መስታወት ይልቅ ለስላሳ በመሆኑ፣ አምራቹ ካልፈቀደ በቀር አልኮል አናስነካው፤ ስንጠርገውም በጣታችን አንጫነው።