ውሻችሁ አገጩ ስር እብጠት ካወጣ፦ ምላጭ ከማንሳታችሁ በፊት

ቡቺ አንድ ጠዋት ጅራቱን እየቆላ ሲመጣ መንጋጋው ስር የሎሚ ያህል ለስላሳ ነገር ተንጠልጥሎ አየሁ። ከሳምንት በፊት አልነበረም፣ ወይ ደግሞ ልብ አላልኩትም። ጎረቤታችን እማማ ገና ሲያዩት «እንቅርት ነው» አሉ። ዘበኛው ደግሞ «መግል ነው፣ በምላጭ በጣ ቢደረግ ይወጣል» አለኝ። ሁለቱም አልነበረም። የፈሰሰ ምራቅ ነው።

ውሻ በእያንዳንዱ ጎን አራት ዋና ዋና የምራቅ እጢዎች አሉት፤ አንዱ ከጆሮ ስር፣ አንዱ ከመንጋጋ ማጠፊያ ስር፣ አንዱ ከምላስ ስር፣ አንዱ ደግሞ ከዓይን በታች። ከነዚህ አንዱ ወይም ቱቦው ሲቀደድ (አብዛኛውን ጊዜ የምላስ ስሩ ነው) ምራቁ ወደ አፍ መሄዱን ይተውና ቆዳ ስር ይጠራቀማል፣ ሰውነትም ዙሪያውን ከረጢት ይሠራበታል። ሐኪሞች ሲያሎሲል ይሉታል። ለምን እንደሚቀደድ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ግን አንገት የሚያንቅ ሰንሰለት፣ የሌላ ውሻ ንክሻ፣ ሲያኝኩት የሚወጋ እንጨትና ስል አጥንት ይጠረጠራሉ። ጀርመን ሼፐርድና ፑድል ላይ በዛ ብሎ ይታያል፤ የሰፈር ውሻንም ግን አይምርም።

መጀመሪያ ዳስሱት። ውሻው ሲረጋጋ፣ በጣት ጫፍ፣ ቀስ ብላችሁ። ውሃ የሞላ ፊኛ ከመሰለ፣ ካልሞቀና ውሻው ግድ ካልሰጠው ምራቅ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የሚያቃጥል ከሆነና ስትነኩት ካጉረመረመ መግል ሊሆን ይችላል። እንደ ድንጋይ የጠነከረ ከሆነ ንፍፊት ወይም ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አታራዝሙ። ይሄ ግምት ነው እንጂ ምርመራ አይደለም፤ ምራቅም ቢሆን መጀመሪያ ሰሞን ሊያም ይችላል።

ከዚያ አፉን እዩ፣ ግን ቆይ። ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ጠባዩ የተለወጠ፣ ክትባቱም በትክክል የማይታወቅ ውሻ ከሆነ እጃችሁን ወደ አፉ አታስጠጉ። የእብድ ውሻ በሽታም እንዲህ ሊታይ ይችላል። ለሃጩ ቁስላችሁን ወይም ጭረታችሁን ከነካ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ታጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ክትባቱን የጨረሰና ጤነኛ ጠባይ ያለው ውሻ ከሆነ ግን ሲያለከልክ ጠብቃችሁ ምላሱ ስር ተመልከቱ። እዚያ የሚያብለጨልጭ አረፋ የመሰለ ነገር ካለ ይሄው ችግር ምላስ ስር ወጥቷል ማለት ነው። ሲበላ በጥርሱ ስለሚነክሰው ሳህኑ ላይ ደም ልታዩ ትችላላችሁ።

ጉሮሮ ውስጥ ሲሆን ነው የሚያስፈራው። ውሻው እያንኮራፋ የሚተነፍስ ከሆነ፣ ካነቀው፣ ድዱ ወደ ሰማያዊ ካደላ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በሌሊትም ቢሆን ሐኪም ፈልጉ።

ፎቶ አንሱ። ቀላል ይመስላል፣ እኔ ግን የምቆጨው እሱን ባለማድረጌ ነው። እብጠቱ መጀመሪያ በግራ ነው በቀኝ የወጣው? ሲያድግ ወደ መሀል ይወርድና ከየት እንደመጣ አይለይም፣ ሐኪሙ ደግሞ የሚያወጣው የአንዱን ጎን እጢ ነው። የእኔን ሲጠይቀኝ ጭንቅላቴን አከክሁ። በጀርባው አስተኝቶ እብጠቱ ወደየት እንደሚያዘነብል አይቶ ነው የለየው።

አትብጡት። በምላጭም፣ በጋለ ብረትም፣ «ንጹህ ነው» በሚባል መርፌም። ፈሳሹ ይወጣል፣ እብጠቱ ይሟሽሻል፣ ደስ ይላችኋል። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ ይሞላል፤ እጢው አሁንም እያፈሰሰ ነዋ። ቆርቆሮው ሳይደፈን ባልዲ መቀያየር ነው። ያን ጊዜ ደግሞ በቀዳዳው ቆሻሻ ገብቶ በእርግጥም መግል ይሆናል። ከቤት መድኃኒት ሳጥን አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ ወይም ፓራሲታሞልም አትስጡት፤ ውሻን ሊገድሉት ይችላሉ።

ሐኪም ጋ። በሲሪንጅ ትንሽ ይቀዳል። የቡቺን ሲቀዳ አጠገቡ ቆሜ ነበር፦ ቢጫ ቢጤ ፈሳሽ፣ ከመርፌው ጫፍ ሲንጠባጠብ እንደተዘፈዘፈ ተልባ ክር እየሠራ የሚሳብ። መግል እንዲህ አይሳብም። ከዚህ በኋላ ሁነኛው መፍትሔ ቀዶ ሕክምና ነው። የምላስ ስሩና የመንጋጋ ስሩ እጢ የተያያዙ ስለሆኑ በታመመው ጎን ሁለቱም አብረው ይወጣሉ። የምላስ ስር አረፋ ካለ እሱም ተከፍቶ ጠርዙ ይሰፋል፣ ምራቁ ወደ አፍ እንዲፈስ። «አፉ አይደርቅም ወይ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። አይደርቅም፣ የቀሩት እጢዎች ይበቁታል።

ማደንዘዣና እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና ሁሉም ክሊኒክ አይሠራም። ስለዚህ ውሻውን ጭናችሁ ከመዞራችሁ በፊት ደውሉና «የምራቅ እጢ አውጥታችሁ ታውቃላችሁ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። አዲስ አበባና አካባቢዋ ያላችሁ ቢሾፍቱ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም መጠየቅ ትችላላችሁ። ዋጋውን፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ስንት ሰዓት ሳይበላ መቆየት እንዳለበትና ማታ ችግር ቢፈጠር ማን ስልክ እንደሚያነሳም በዚያው ጠይቁ።

ቤት ሲመለስ። ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ ተደርጎለት ከሆነ ለጥቂት ቀናት ይንጠባጠባል፣ ምንጣፉን አንሱ። ስፌቱን እንዳያክ ያቺን ባልዲ የምትመስል የፕላስቲክ አንገትጌ ያድርግ፤ ያለቅሳል፣ አታውልቁለት። ስፌቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይወጣል። ምግቡ ለስላሳ ይሁን፣ ለምሳሌ የበሰለ ሩዝ ከተቀቀለና ከደቀቀ ሥጋ ጋር። የተረፈ ወጥ አይሆንም፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። አጥንትም ይቅር። ስፌቱ ከቀላ፣ ከሸተተ ወይም እብጠቱ ከተመለሰ ለሐኪሙ ደውሉ።

የቡቺ ስፌት በ12ኛው ቀን ወጣ። አሁን የሚታሰረው ደረቱ ላይ በሚዞር ቀበቶ ነው፣ የድሮ ሰንሰለቱ የግቢው በር መዝጊያ ሆኗል።