የምድርን ማግኔታዊ ጋሻ በኤክስሬይ ማየት፦ ላፕቶፓችሁ ላይ እንዴት ይሞከራል?

ጣርማበር ላይ ጠዋት ቁሙ። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተኝቷል። ቁልቁል ስታዩ የደብረ ሲና ቆርቆሮ ጣሪያዎች በጉሙ ውስጥ ብልጭ ይላሉ። ጉሙን ጎን ለጎን አሻግራችሁ ስታዩ ግን ነጭ ግድግዳ ነው። ጉሙ ያው ነው፤ የረዘመው ዓይናችሁ የሚያልፍበት መንገድ ነው። ዛሬ የምንሠራው ሥዕል በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

የአውሮፓ ጠፈር ኤጀንሲና የቻይና ሳይንስ አካዳሚ ስማይል የተባለች ሳተላይት አብረው ሠርተዋል። ዓላማዋ ማግኔቶስፌራችን (የምድር ማግኔታዊ ጋሻ) ከፀሐይ ነፋስ፣ ማለትም ከፀሐይ ከሚፈሱ በኤሌክትሪክ የተሞሉ ቅንጣቶች ጋር የሚጋፋበትን ድንበር በኤክስሬይ ማየት ነው። ድንበሩ እንዴት ያበራል? የፀሐይ ነፋስ ኤሌክትሮናቸውን የተገፈፉ የኦክስጅን አተሞችን ይዞ ይመጣል። እነዚህ አተሞች በምድር ዙሪያ ካለው ስስ ሃይድሮጅን ኤሌክትሮን ይነጥቁና ደካማ ኤክስሬይ ይለቃሉ። ይህ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1996 ሐያኩታኬ ከተባለው ጅራታም ኮከብ ላይ ሲታይ ብዙዎችን አስገርሞ ነበር።

ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ክፈቱ። ርቀትን ሁሉ በምድር ራዲየስ (6,371 ኪ.ሜ.) ለኩ። ምድርን መሃል አድርጋችሁ በየአቅጣጫው እስከ 20 የሚደርስ ሳጥን ሥሩ።

መጀመሪያ ድንበሮቹን አስቀምጡ። ማግኔታዊው ድንበር በፀሐይ በኩል 10 ላይ፣ ነፋሱ መጀመሪያ የሚደናቀፍበት ግንባር ደግሞ 13 ላይ ይሁን። ወደ ጎን ሲሄዱ ሁለቱም እየሰፉ ይሂዱ።

ቀጥሎ ሳጥኑን ሙሉ። ከግንባሩ ውጭ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 5 ፕሮቶን፣ በሁለቱ ድንበሮች መካከል 20፣ ከማግኔታዊው ድንበር ውስጥ 0። ይቺን ዜሮ አደራ! እኔ መጀመሪያ ስሠራ ረስቻት ምድር ራሷ እንደ ፋኖስ አበራች፤ ሁለት ቀን ስህተቱን ፈለግኩ። ሃይድሮጅኑ 10 ላይ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 25 አተም ሆኖ፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስምንት ጊዜ ይቀንስ።

አሁን የብርሃኑን መጠን ለማግኘት በየነጥቡ ፕሮቶኑን (ኦክስጅኑ ከሱ ጋር ስለሚበዛና ስለሚያንስ)፣ ሃይድሮጅኑንና ፍጥነቱን አባዙ። ፍጥነቱ የነፋሱ ጉዞና የሙቀቱ እንቅስቃሴ ነው፤ ሁለቱን በካሬ ደምራችሁ ሥር አውጡ።

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ካሜራውን ከሰሜን ዋልታ በላይ 19 ላይ አድርጉና ፊቱን ወደ ድንበሩ አፍንጫ፣ ማለትም በፀሐይ በኩል ወዳለው ጫፍ አዙሩ። የስማይል የኤክስሬይ ካሜራ እይታ 15.5 በ26.5 ዲግሪ ነው፤ እናንተም እንደዚያው አድርጉ። ከእያንዳንዱ ፒክስል አንድ መስመር ዘርጉ። በ0.1 እየተራመዳችሁ ያገኛችሁትን ብርሃን ደምሩ። ሥዕሉ ሲወጣ ደማቅ ቅስት ታያላችሁ። ቅስቱ ያለው መስመሩ ድንበሩን ታክኮ በሚያልፍበት ቦታ ነው። የጣርማበር ጉም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ማቆም ያታልላል፤ እውነተኛ ካሜራ ፎቶንን (የብርሃን ቅንጣትን) የሚቆጥረው አንድ በአንድ ነው። ደማቁ ፒክስል 20 ፎቶን እንዲያገኝ ሥዕሉን መዝኑ። ከጀርባ ላለው ሰማይ ጥቂት ጨምሩ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ፒክስል በፖይሰን (በአጋጣሚ የሚመጡ ነገሮች ቁጥር በሚከተለው የስታቲስቲክስ ሕግ) ዕጣ አውጡ። ቅስቱ ይደበዝዛል፤ እያንዳንዱን ፒክስል ከጎረቤቶቹ ጋር አማክላችሁ ትንሽ ስታለሰልሱት ይመለሳል።

በመጨረሻም የፀሐይ ነፋስ ሲበረታ እንደሚሆነው፣ 10 የነበረውን ወደ 8፣ ግንባሩንም ወደ 10.5 አስጠጉና ፕሮግራሙን እንደገና አስኪዱ። ከተዝረከረከው ሥዕል ብቻ ተነሥታችሁ የቅስቱን ቦታ ለኩ። 8 አካባቢ ካገኛችሁ ሥራችሁ ልክ ነው።