ስብሰባው ሁሌ ያመለጠኝ በሰዓት ነበር

መጠጥ ለማቆም የሚደጋገፍ ቡድን ፍለጋ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ጎንደር ውስጥ ስጠይቅ "ጠበል ሂድ" አሉኝ። ሄድኩ፣ ደህና ነበር። ስመለስ ግን ፒያሳ ላይ ያው ጓደኞች፣ ያው አረቄ።

ከዚያ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባል፣ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች የሚደጋገፉበት ቡድን በዙም (በኢንተርኔት የቪዲዮ ስብሰባ መተግበሪያ) እንደሚሰበሰብ ሰማሁ። በ1935 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ የተጀመረ ነው፤ ክፍያ የለውም። ችግሩ፣ በገባሁ ቁጥር ማንም የለም! ኔትወርክ መስሎኝ ሲም ቀየርኩ። ዙምን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ወይ ፍንክች።

ለካ የያዝኩት ፕሮግራም በለንደን ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ "4" ሲል እኔ ማታ 4 ሰዓት ላይ እገባለሁ። እነሱ ተበትነው ቤታቸው ገብተዋል። አሁን ከእነሱ ቁጥር ላይ በብርዳቸው ወራት 3፣ በሙቀታቸው ወራት 4 እቀንሳለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ሰዓቱን የሚሰጠኝ ይህ ነው። ስለዚህ የእነሱ 4 ሰዓት ለእኛ ከምሽቱ 1 ወይም 12 ሰዓት ነው። ስልኬ ላይ አላርም ሞላሁ፤ በማግስቱ ገባሁ።

ካሜራ አጠፋሁ፣ የራሴን ስም ብቻ ጻፍኩ። በእንግሊዝኛ ነው፣ ግማሹ አመለጠኝ። ተናገር ያለኝ የለም።

አንድ ነገር፦ በየቀኑ አብዝታችሁ የምትጠጡ ከሆነ በድንገት አታቁሙ፤ የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ።