ዛፍ ለማየት በእግር ስትወጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከአራት ኪሎ ተነስተን፣ በአምስት ኪሎ አድርገን ስድስት ኪሎ እንጨርሳለን። ለእግረኛ አጭር መንገድ ነው። ዛፍ እያዩ ሲሄዱት ግን ረፋዱን ይወስዳል። አብረውን የሚመጡ ሰዎች ደጋግመው የሚሳሳቱትን ላካፍላችሁ።

ከሩቅ ስም ማውጣት። ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ አረንጓዴ ሁሉ «ጽድ» ተብሎ ይታለፋል። የሐበሻ ጽድ የአገራችን ዛፍ ነው። የፈረንጅ ጽድ ደግሞ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው። ጠጋ ብላችሁ ሥሩ የወደቀ ፍሬ ፈልጉ። አተር የሚያክል፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ እንደ ዘቢብ የሚለሰልስ ከሆነ የሐበሻ ነው። እንደ እንጨት የደረቀና የተሰነጣጠቀ ድቡልቡል ከሆነ የፈረንጅ ነው። አንዴ በእጃችሁ ከያዛችሁት በኋላ አይምታታባችሁም።

የቅጠሉን ጀርባ አለማየት። ወይራን ብዙ ሰው በስሙ ያውቀዋል፤ ዛፉ ፊት ሲቆም ግን ይጠፋበታል። የቅጠሉ ፊት ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ስትገለብጡት ወርቅማ ቡናማ ነው። አንድ ቀን አብረውን የመጡ እናት ቅጠሉን በጣታቸው አሸት አድርገው፣ «ልጄ፣ ይሄማ የወተት ዕቃ የምናጥንበት ወይራ ነው» አሉኝ። ጭሱ ወተቱን እንዴት እንደሚያጣፍጠው ሲነግሩን ሁላችንም ዝም ብለን አዳመጥን። መንገድ የምትመሩ ከሆነ አደራ፣ ብቻችሁን አታውሩ። ከእናንተ በላይ የሚያውቅ ሰው አብሯችሁ ይኖራል።

ባሕር ዛፍን ሁለት ዛፍ ማድረግ። የነጭ ባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠል ክብ ቢጤና አመድማ ሲሆን ግንዱን ያቅፋል። ዛፉ ሲያድግ ቅጠሉ እንደ ማጭድ ረዝሞ ይንጠለጠላል። ከተቆረጠ ጉቶ የበቀለውን አይቶ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» የማይል የለም። ታሪኩንም አትዝለሉት። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ማገዶ እየጠፋ ስለሄደ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ነው ከተማዋን ያቆያት።

ስሙን ብቻ ማመን። ቅርንጫፉ እንደ ሹሩባ የሚወርደው፣ ሮዝ ፍሬ የሚያፈራው ዛፍ ቁንዶ በርበሬ ይባላል። ቅጠሉም ሲታሽ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ቁንዶ በርበሬ ግን የሌላ ተክል ፍሬ ነው፤ እሱ ሐረግ ነው፣ አገሩም ሕንድ ነው። ይሄኛው ከደቡብ አሜሪካ መጣ። ስለዚህ ፍሬውን ለቅማችሁ ወደ ድስት እንዳትወስዱት።

አበባ መጠበቅ። ጃካራንዳ ሐምራዊ ሲለብስ ሁሉም ፎቶ ያነሳዋል፤ አበባው ሲረግፍ ዞሮ የሚያየው የለም። የደረቀ ፍሬው ክብና ጠፍጣፋ ሆኖ ለሁለት ይከፈታል። ውስጡ እንደ ስስ ወረቀት ክንፍ ያለው ዘር አለ። ለልጆች እፍ ብላችሁ አሳዩአቸው።

የቀረው ቀላል ነው። ፀሐይ ሳይበረታ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ጀምሩ። መታወቂያ ያዙ፤ ግቢ ለመግባት ዘበኛውን አስፈቅዱ። ቤተ መንግሥቱ አካባቢ ካሜራችሁን አታውጡ። ቅርንጫፍም አትስበሩ፤ መሬት የወደቀው ይበቃችኋል።